መደምደሚያው ከበላይ ነው የሚመጣው

የመምህር ይትባረክን ሞት በስልክ የነገረኝ ሰይድ ነው። ሰይድ የሰፈራችን ልጅ፣ የመምህር የቀድሞ ተማሪ፣ ዛሬ ደግሞ ትልቅ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ገና ሰላም ሲለኝ ድምፁ አላማረኝም። እኔ ስልክ በጮኸ ቁጥር የሚታየኝ ክፉ ክፉው ነው፤ ባለቤቴ፣ የልጄ የሐያት አባት፣ አይሱዙ ይነዳል፣ መንገዱም ረጅም ነው።

“የሐያት አባት ደህና ነው?” አልኩት ሳልተነፍስ።

“ደህና ነው፣ እት ዘሐራ። እሱ አይደለም። እንዴት ልበልሽ… ሰው ሁሉ ሟች ነው አይደል?”

“ነው።”

“መምህር ይትባረክ ደግሞ ሰው ናቸው።”

“ናቸው።”

“ስለዚህ…” አለ። ቀሪውን መናገር አቃተው። እኔም አልጠየቅሁትም። “ኢና ሊላሂ” ብዬ ባለሁበት ቁጭ አልኩ። ሎጂክን በኤ አልፎ አንዲት መደምደሚያ መጨረስ ያቃተው ሰው ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቀኝ ነበር። ያን ቀን አልሳቅሁም።

መምህር ከሚሴን ከለቀቁ ቆይተዋል። ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው ነበር፤ ሆኖም በበዓል በበዓል ይደውሉልኝ ነበር። በኢድ ደውለው “እንኳን አደረሰዎት” ካሉ በኋላ “ለመሆኑ ጨረቃዋን ያያት ማን ነው? በስም የሚታወቅ ሰው ነው?” ሳይሉ ስልኩን አይዘጉም።

የእኔ ትምህርት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ስለ እሳቸው ዕውቀት ልመስክር አልችልም። ስለ ሰውየው ግን እችላለሁ። ግቢዬ ውስጥ ተከራይተው ሁለት ዓመት ኖረዋል።

ቤት ሊያዩ የመጡ ቀን ጥቁር ኮት ለብሰው፣ እስከ አንገታቸው ቆልፈው ነበር። በከሚሴ ሙቀት ኮት የሚቆልፍ ሰው ወይ ዳኛ ነው ወይ ሙሽራ። “የደሴ ብርድ ጉልበቴን በላው፤ ቆላ የወረድኩት ለዚህ ነው” አሉኝ። የደሴው ዩኒቨርሲቲ ቅዳሜና እሁድ ለመንግሥት ሠራተኞች እዚሁ ከሚሴ ያስተምር ነበርና እሳቸው ለዚያ ተመድበው ነው። ምን እንደሚያስተምሩ ጠየቅኋቸው። “ሎጂክ” አሉ። “ሰው አንድ ነገር ሲናገር ከንግግሩ ምን እንደሚከተል፣ ምን ደግሞ እንደማይከተል የሚለይ ትምህርት ነው።” ለዚህ ለዚህ የእኔ አማት ይበቁ ነበር ብዬ በሆዴ አሰብኩ፤ አፌን ግን ያዝኩ።

“ጣሪያው ያፈሳል?” አሉኝ ቀና ብለው እያዩ።

“ኢንሻ አላህ አያፈስም።”

ፊታቸው በራ። “ይህን ዓረፍተ ነገር የሚያሸንፍ ዝናብ የለም” ብለው ሻንጣቸውን አስገቡ።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው በቀጥታ አልጋቸው ላይ አፈሰሰ። በኀፍረት ባልዲ ይዤ ስገባ አልጋቸውን ወደ ጥግ ስበው፣ ጥላ ዘርግተው ሥሩ ተቀምጠው ያነባሉ። “አይጨነቁ፣ ወይዘሮ ዘሐራ። እርስዎ አልዋሹም። አላህ አልሻም ማለት ነው” አሉኝ። እያሾፉብኝ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አያሾፉም። ተቀምጠው አስበው የደረሱበት ነው።

የሰፈሩ ልጆች እት ዘሐራ፣ ሌላው ከተማ የሐያት እናት ይለኛል፤ ኦሮምኛው የሚቀናውም “ሃዳ ሐያት” ይለኛል። ወይዘሮ ዘሐራ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ስሜ ከአፋቸው ሲወጣ ፍርድ ቤት የተጠራሁ ይመስለኝ ነበር።

አንድ የማይለቃቸው ልማድ ነበራቸው። ሲያስረዱ የቀኝ እጃቸውን ሁለት ጣቶች ያነሳሉ። አንዱ ጣት መነሻ አንድ፣ ሌላው ጣት መነሻ ሁለት ነው። ከዚያ “ስለዚህ” ብለው ሁለቱን ጣቶች ጨብጠው የግራ መዳፋቸው ላይ ጧ ያደርጉታል። መደምደሚያ ማለት ያቺ ጧ ናት። ያኔ ሁለተኛ ክፍል የነበረችው ልጄ ሐያት በሳምንት ውስጥ ቀዳቻቸው። “እማዬ፣ እርቦኛል። ድስቱ ውስጥ ወጥ አለ። ስለዚህ፣ ጧ!” እሳቸው በደስታ ከረሜላ ሰጧት። እኔ ደግሞ እጇን ሳትታጠብ በመምጣቷ ተቆጣኋት።

ገበያ አብሯቸው መሄድ ፈተና ነበር። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ “ሽንኩርቴ ሁሉም ጥሩ ነው” አለች። “ሁሉም?” አሉ። “ሁሉም!” አለች። ጎንበስ ብለው ከሥር አንዲት የበሰበሰች አወጡና ወደ ላይ ያዟት። “አንዲት ተቃራኒ ምሳሌ ‘ሁሉም’ የሚለውን ቃል ትገድለዋለች።”

“አንቱ ሰውዬ፣ ወይ ይግዙ ወይ ይለፉ!”

“ይህ ደግሞ ሌላ ምርጫ የሌለ ማስመሰል ነው፤ ሦስተኛ መንገድ…”

“ይለፉ!” አለች፤ ያቺን የበሰበሰችዋንም ከእጃቸው ነጥቃ መለሰቻት።

ሰው በዚህ ይስቃል። እኔን ያላሳቀኝ ግን በኋላ የመጣው ነው፤ ትምህርቱ ከተማው ላይ ወጣ። የየቢሮው ሠራተኛ ለዕድገት ብሎ ይማር ስለነበር ቅዳሜ የተማረውን ሰኞ ሥራ ላይ ያውለዋል። መምህር የሚያስተምሩት ሰው በክርክር ላይ የሚሠራቸውን ስሕተቶች ነው። እሳቸው በጨዋ አማርኛ ሕጸጽ ይሏቸዋል፤ ከተማው ግን ፋላሲ ብሎ ለመዳቸው። ሰው ስሕተቶቹን የሚማረው እንዳይሠራቸው ነው፤ የኛዎቹ የተማሩት ባለጉዳይ ለመመለሻ ነው። አንዲት መበለት ውኃ ተቆረጠብኝ ብላ ብታለቅስ “ሆድ ማባባት ነው” ተባለች። አንድ ሽማግሌ “ስንት ዓመት የገበርኩ ሰው ነኝ” ቢሉ “ዕድሜ ማስረጃ አይሆንም” ተባሉ። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር “ልጄ፣ አስጠጋልኝ፤ እግሬን ያመኛል” ለምትለው እናት “ፋላሲ ነው፣ ማዘር!” ብሎ መሀል መንገድ ያወርዳታል። ቀድሞ የከሚሴ ሹም ባለጉዳይ ሲመልስ “ነገ ኢንሻ አላህ” ነበር የሚለው። ውሸት ቢሆንም ውስጡ አላህ ነበረበት። አሁን ግን በስሕተትህ ስም ትመለሳለህ።

እኔም ተራዬ ደረሰ።

ከበራችን ፊት የሚያልፈውን ቦይ በበጋ ፕሮጀክት ብለው ቆፈሩት። ጥልቀቱ የረዥም ሰው ቁመት ነው፤ ግራና ቀኙን በድንጋይ ገነቡትና “ክዳኑ በሚቀጥለው ምዕራፍ ይመጣል” ብለው ሄዱ። ክረምት ሲገባ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በሱ ሆነ። ከግቢያችን ወደ መንገድ የሚያወጣን አንድ ሳንቃ ብቻ ነው። የሰፈሩ ወንዶች በጅጌ ተጠራርተው እንጨት ረብርበው ሊከድኑት ተነስተው ነበር፤ “የፕሮጀክት ንብረት መንካት ክልክል ነው” ተብሎ እንጨቱ ተወሰደ።

ሐያትን ጠዋት እጇን ይዤ አሻግራለሁ፤ ስትመለስም ወጥቼ እጠብቃለሁ። ድሮ ሰንበቴ ገበያ ወርጄ የፕላስቲክ ዕቃ እሸጥ ነበር። ልጅቷ ቁርአን ቤት ስትሄድ ማን ያሻግራታል ብዬ ተውኩት። ባልዲውና ጆጎው ቤት ውስጥ እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ቀረ። ባለቤቴ ከመንገድ እየደወለ “ሳንቃውን በምስማር ምቺው” ይለኛል። ሳንቃ ድንጋይ ላይ በምስማር እንደማይመታ እንኳ ለማስረዳት ድካም ያዘኝ። በሕልሜ የማየው ነገር አንድ ሆነ፤ ቡናማ ውኃና የልጄ ነጭ ካልሲ።

ጉዳዩ ወደሚመለከተው ቢሮ ለመሄድ ተነሳሁ። የቢሮውን ስም አልጠራም፤ ስሙ ከሰሌዳው አልበቃ ብሎ ግድግዳው ላይ የቀጠለ ነው። መምህር “እኔም እመጣለሁ፤ ኃላፊው ተማሪዬ ነው” አሉ። ደስ አለኝ። ኃላፊው ሰይድ ነበር፤ ውጭ ሰይዶ፣ ቢሮ ውስጥ አቶ ሰይድ።

“ባለጉዳይ፣ ጉዳይዎን ያስረዱ” አለኝ። ትናንት ሱቅ በር ላይ “እት ዘሐራ፣ ስኳር መጥቷል” ብሎ የጠራኝ ልጅ ነው።

“አቶ ሰይድ፣ ልጄ ትንሽ ናት። አባቷ መንገድ ላይ ነው፤ ብቻዬን ነኝ። እዘኑልኝ።”

“ሆድ ማባባት” አለና መምህርን አየት አደረጋቸው።

“ዛሬ ካልተከደነ ነገ አንድ ልጅ ይገባበታል፤ ከዚያ ማን…”

“ተንሸራታች ቁልቁለት። ከዛሬ ወደ ነገ፣ ከነገ ወደ አደጋ! መሀሉን የሚያያይዘው ማስረጃ የታለ?”

“ሰፈሩ ሁሉ ነው እንዲህ የሚለው።”

“ብዙ ሰው ስላለው እውነት አይሆንም።”

“እንግዲያው ሰፈሩ ሁሉ ተነስቶ በርህ ላይ ይመጣልሃል!”

“ይህ ደግሞ ማስፈራራት ነው።”

“አንተ! ንፍጥህን የጠረግሁልህ እኔ አይደለሁ? ዛሬ ወንበር ላይ ወጥተህ…”

“ከክርክሩ ወጥቶ ሰውየውን መንካት” አለ፤ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ቢሆንም አልተሳሳተም።

ዘወር ብዬ መምህርን አየኋቸው፤ አንድ ቃል ይሉልኛል ብዬ። ሰውየው እያንዳንዱን መልስ በአንገታቸው እየተቀበሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ተቀምጠዋል። በመጨረሻ አንድ ቃል ተናገሩ። ወላሂ የተናገሩት “ጎበዝ!” ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ቀድሜያቸው ሄድኩ። በኋላ አልቻልኩም።

“መምህር፣ ለማን ነው የመጡት?”

“ለእርስዎ ነው እንጂ።”

“ታዲያ ‘ጎበዝ’ ምን አመጣው?”

“አንዱንም አልሳተም፣ ወይዘሮ ዘሐራ። አስተማሪ ነኝ፤ ከአፌ አመለጠኝ።”

“ልጄስ?”

“የልጅዎ ነገር እውነት ነው። ክርክርዎ ግን ደካማ ነበር። እውነት ደካማ ክርክር ይዞ ቢሮ ከገባ እንዲህ ተዋርዶ ይወጣል።”

“የኔ ልጅ የምትወድቀው በክርክር ውስጥ አይደለም፤ ቦይ ውስጥ ነው” አልኳቸው። ያን ዕለት ሻይ አልላክሁላቸውም። ሐያት “መምህር ሻይ አልጠጡም” ብላ ብትነዘንዘኝም አልላክሁም።

በማግስቱ ግን ጠዋት ራሳቸው በሬ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ኮታቸውን ቆልፈዋል። “ዛሬ እርስዎ አይናገሩ። እኔ ቀዳዳ የሌለው ክርክር ሠርቻለሁ” አሉ። ተመልሰን ሄድን።

ሰይድ ፊት ቆመው አንድ ጣት አነሱ። “መነሻ አንድ። ሕፃናት የሚመላለሱበት ጥልቅ ቦይ ሁሉ መከደን አለበት። ይህ የእኔ ሐሳብ አይደለም፤ ከኋላህ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የራሳችሁ መመሪያ ነው።”

ሰይድ ዞሮ አነበበው። “ተቀብለናል።”

ሁለተኛውን ጣት አነሱ። “መነሻ ሁለት። ከወይዘሮ ዘሐራ በር ፊት ያለው ቦይ ሕፃናት የሚመላለሱበት ጥልቅ ቦይ ነው።”

“ሄደን አይተነዋል። ተቀብለናል።”

“ስለዚህ”፣ ጧ!፣ “ይህ ቦይ መከደን አለበት!”

ጸሐፊዋ መተየቧን አቆመች። እኔ አለቀ፣ ተከደነ አልኩ። ሰይድ ብዕሩን አገላበጠ።

“መምህር፣ ሁለቱንም መነሻዎች ቢሯችን በሙሉ ልብ ይቀበላል። መደምደሚያው ግን ከበላይ ነው የሚመጣው።”

“ምን አልክ?”

“መነሻ መቀበል በእኛ ደረጃ ይቻላል። መደምደም ሥልጣናችን አይደለም።”

መምህር እጃቸው መዳፋቸው ላይ እንደተጣበቀ ቀረ። “ሰይድ! ሁለቱን ከተቀበልክ ሦስተኛውን ተቀብለሃል። ብትወድም ባትወድም!”

“እኔማ እወዳለሁ፣ መምህር። ፊርማ ነው የሌለኝ።” ከዚያ ሊያጽናናቸው ፈልጎ ነው መሰለኝ ጨመረ። “ደግሞም እስከ ዛሬ የወደቀ የለም። በሪፖርታችን ነዋሪው ሁሉ በሰላም እየተሻገረ ነው።”

“ሁሉም?”

“ሁሉም።”

መምህር ቀስ ብለው ተነሱ። ፊታቸው ላይ ያቺ የሽንኩርት ገበያ ቀን ያየኋት ብርሃን ነበረች። “ነገ ጠዋት ሁለት ሠራተኞች ይዘህ ቦዩ ጋ ና። አንድ ተቃራኒ ምሳሌ አቀርብልሃለሁ” አሉት። እኔ እንደ ሽንኩርቷ ከሆነ ቦታ ፈልገው የሚያመጡት ነገር መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ሰይድ መጣ፤ ሁለት ባልደረቦቹም መጡ፤ ነገር ሸትቶት ሰፈሩም ወጣ። መምህር ከግቢ ኮታቸውን ለብሰው ብቅ አሉ። “ነዋሪው ሁሉ በሰላም ይሻገራል ብላችኋል። እኔ ነዋሪ ነኝ?”

“ነዎት፣ መምህር” አለ ሰይድ።

ሳንቃው ላይ ወጡ። በኋላ እንደነገሩኝ ውኃው ጎድሎ አሸዋ የተጠራቀመበትን ቦታ መርጠው፣ መሀል ላይ ሲደርሱ ቁጭ ብለው ቀስ ብለው ሊወርዱ ነበር ሐሳባቸው። ሳንቃው ግን ሐሳባቸውን አልጠበቀም፤ ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ተገለበጠ። ሲወድቁ የሰማሁትን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ፤ እንደ ደረቅ ማገዶ ነው።

“ያ ረቢ!” ብዬ ጮህኩ። ሰይድ ጠርዙ ላይ ተንበረከከ። “መምህር! ተጎዱ?”

“እግሬ ተሰብሯል። መዝግብ” የሚል ድምፅ ከታች መጣ።

ከሰይድ ባልደረቦች አንዱ ወደ ጉድጓዱ አጎንብሶ “ለመዝገቡ ያህል፣ መምህር፣ ሆን ብለው ነው ወይስ ሳያስቡት?” አላቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይዋሽ ነበር። እኔ እዋሽ ነበር። እሳቸው ግን በዚያ ሕመም ላይ ሆነው አሰቡበት። “ልወርድ አስቤ ነበር። መውደቁ ግን የሳንቃው ነው።”

“ሐሳቡ ከነበረማ እንደ አደጋ አይያዝም” አለ ሰውየው ወደ ሰይድ ዞሮ።

“ኮታ! ባሳ!”፣ ኑ፣ አውጧቸው እያሉ የሰፈሩ ወንዶች ገፍተውት ዘለው ገቡና አወጧቸው።

ሆስፒታል እግራቸውን በጀሶ አስረው ወደ ቤታቸው መለሷቸው። ያኔ የከሚሴ ሌላ ሕግ ሥራውን ጀመረ። እኛ ዘንድ የታመመ አለመጠየቅ ነውር ነው፤ እስላም ክርስቲያን አይልም። የመምህር ጠያቂዎች ደግሞ ተማሪዎቻቸው፣ ማለትም የከተማው ሹማምንት ናቸው። የፈተና ውጤትም ገና አልተለጠፈም ነበር። ስለዚህ ማንም አልቀረም። ብርቱካንና ሙዝ አንጠልጥለው መጡ፤ ወደ መምህር የሚያስገባው መንገድ ግን ያው አንድ ሳንቃ ነው።

በሬ ላይ ቆሜ ሁሉንም አየሁ። አንዱ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ተሻገረ። ሌላው ይጸናል አይጸናም ለማየት ሹፌሩን አስቀደመ። አንዱማ በአራት እግሩ ነው የገባው፤ ልጆች ስላሉት ስሙን አልናገርም። መምህር ከአልጋቸው ሆነው እያንዳንዱን ይጠይቃሉ። “በሰላም ተሻገርክ?”

“አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም።”

“ጉልበትህ ላይ ያለው ጭቃ ሌላ ነው የሚለው።”

ሰይድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እንዳፈረ ገብቶኛል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን መጣ። ተራራው ላይ ዘንቦ ቦዩ እየጮኸ የሚወርድበት ሰዓት ነበር። ለመምህር መድኃኒት በውኃ እያቀበልኩ ሳለሁ ድምፁን ከውጭ ሰማሁት፤ ሐያትም ከትምህርት ቤት ደርሳ ከሱ ጋር ወዲያ ማዶ ቆማለች።

“ሐያትዬ፣ አንቺ ቀላል ነሽ፤ ሳንቃው ይችልሻል። ይቺን ሙዝ ለመምህር አድርሽልኝ። ሰይድ መጥቶ ነበር በያቸው፣ እሺ?”

ብርጭቆው ከእጄ የት እንደወደቀ አላውቅም። ስወጣ ልጄ ሳንቃው መሀል ደርሳለች፤ ከረጢቱ ከእሷ ይከብዳል። ልጠራት አፌን ከፈትኩና በሁለት እጄ ያዝኩት። ደንግጣ ቀና ብትል አለቀ። ውኃው ከሥሯ እንደ ቡና አተላ ይፈላል። ሳንቃው እርጥብ ነበር፤ ዞረ። ሐያት እግሯን አንፈራጥጣ ላዩ ላይ ተቀመጠች፤ ሙዙ ሲወድቅ ውኃው ወዲያው ወሰደው። አላለቀሰችም። ሳንቃውን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ።

ሰይድ በሙሉ ልብሱ ጭቃው ላይ በደረቱ ተኛ። እጁን እስከ ትከሻው ዘርግቶ የደንብ ልብሷን አንገት ያዘና ጎተታት። ሁለቱም ወደ ኋላ ወደቁ።

ያን ሳንቃ እንዴት እንደተሻገርኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ራሷን፣ ክንዷን፣ ጉልበቷን ዳበስኩ። ሙሉ ናት። ከዚያ ሰይድን አየሁት። ለወራት ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ። አንዱም አልመጣልኝ አለ።

“ሰይዶ” አልኩት፣ “ይሄስ ምን ይባላል?”

አፉን ከፈተ። ሆድ ማባባት አላለም፤ ቁልቁለትም አላለም። የሐያትን አንገትጌ ገና አልለቀቀም ነበር። ከቤት ውስጥ መምህር “ምንድን ነው? ማን ወደቀ? ወይዘሮ ዘሐራ! ማን ወደቀ?” እያሉ ይጮኻሉ።

በማግስቱ ቢሮ ሳይከፈት አንድ መኪና የኮንክሪት ክዳን ጭኖ በራችን ላይ ቆመ። ክዳኖቹ ለካ ከበጋ ጀምሮ ተሠርተው ከቢሮው ጓሮ ተደርድረው፣ የዘበኛው ዶሮዎች ይተኙባቸው ነበር። ሰይድ እጅጌውን ሰብስቦ ከሠራተኞቹ ጋር ራሱ ተሸከመ። ሲጨርሱ መምህር ዘንድ ገባ።

“ከደንነው፣ መምህር።”

“የበላይ አካል ደመደመ?”

“አልጠየቅሁም።”

“በየትኛው መነሻ ታዲያ?”

“ፈራሁ።”

“ፍርሃት መነሻ አይሆንም! ልጅቷ ልትወድቅ ነበር፣ እኔም ደነገጥኩ፣ ስለዚህ ከደንኩ! ይህን በፈተና ወረቀት ላይ ብትጽፍልኝ ዜሮ ነው የምሰጥህ።”

“ዜሮ ይስጡኝ” አለ ሰይድ፤ ጭቃውን እንኳ ሳያራግፍ ወጣ።

ውጤቱ ሲለጠፍ ኤ አገኘ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው “ፈተናውን ጥሩ ሠርቷል፤ ስለ ቦዩ አልተጠየቀም” አሉኝ። ቢሮው ግን ጠየቀው። ያለ ሥልጣኑ በመደምደሙ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። የተከደነው ከእኛ በር ፊት ያለው ብቻ ነበር፤ የቀረው “በጥናት ላይ ነው” ተብሎ ሁለት ክረምት አለፈው። ስለዚህ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አጥር ለአጥር እየዞረ በእኛ ግቢ ማለፍ ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ግቢዬ ትምህርት ቤት ይመስላል።

እኔም እንደገና ሰንበቴ ገበያ መውረድ ጀመርኩ። ጠዋት ልጆቹ በሚያልፉበት ሰዓት ግን እንደ ወትሮው በር ላይ እወጣለሁ። አንድ ቀን መምህር እግራቸውን ዘርግተው ፀሐይ ሲሞቁ አዩኝ።

“ወይዘሮ ዘሐራ፣ ክዳኑ ኮንክሪት ነው።”

“ነው።”

“የጫነ መኪና ይሸከማል።”

“ይሸከማል፣ አይቻለሁ።”

“የሚያስፈራ ነገር የለም ማለት ነው።”

“የለም።”

“ታዲያ ለምን ይቆማሉ?”

“እኔ እንጃ፣ መምህር። እግሬ አልገባ ይለኛል።”

ሐያት ቦርሳዋን አዝላ ከቤት ወጣች፤ ሌሎቹም ልጆች እየተጋፉ ተከተሏት። መምህር ምርኩዛቸውን ስበው፣ ግድግዳውን ይዘው እንደምንም ተነሱ፤ ያን ኮታቸውን እየቆለፉ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። የመጨረሻው ልጅ ተሻግሮ እስኪያልቅ ድረስ የእሳቸውም እግር አልገባም።